የታመነ አሮጌ መኪናን ጥቂት ባገለገለ መኪና ስለ መተካት፤ የወጪ፣ የመረጃና የደኅንነት ስሌት

አጠቃሎ

ለረጅም ዓመታት ሳያስቸግር ያገለገለን መኪና ሸጦ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ያገለገለ መኪና መግዛት በብዙ ቤተሰብ ሕይወት ከቤት ግዢ ቀጥሎ የሚመጣ ትልቅ የገንዘብ ውሳኔ ነው። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው በአዲስ አበባ ገበያ በምን መሠረት ላይ ሊቆም እንደሚገባ ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ባለቤቱ ስለ አሮጌው መኪና ያለው ዕውቀት ገበያው የማይከፍልበት፣ ነገር ግን እውነተኛ ዋጋ ያለው ሀብት ነው የሚል ነው። በመሆኑም ገዢው የሚለዋወጠው መኪናን በመኪና ብቻ ሳይሆን የታወቀን ሥጋት በማይታወቅ ሥጋት ጭምር ነው። ይሁን እንጂ አስተማማኝነት ከደኅንነት ጋር አንድ ስላልሆነ የቆየውን የማቆየት ስሌት በደኅንነት በኩል መፈተን እንዳለበት ጽሑፉ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ያገለገለ መኪና፣ የመረጃ አለመመጣጠን፣ የእርጅና ቅናሽ፣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የመንገድ ደኅንነት

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዕድሜያቸው ከአሽከርካሪዎቻቸው የሚበልጥ መኪኖች ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ መካከል የቶዮታ ኮሮላ የተለያዩ ትውልዶችና ቪትዝ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። እነዚህ መኪኖች ለረጅም ጊዜ ተፈላጊ ሆነው የቆዩበት ምክንያት ግልጽ ነው። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ መለዋወጫቸው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ጀምሮ በየሰፈሩ ይገኛል፤ የትኛውም ጋራዥ ያውቃቸዋል፤ በሚሸጡበትም ጊዜ ገዢ አያጡም።

እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን «ልለውጠው ወይስ ላቆየው?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሁለት አጋጣሚዎች ነው፤ መኪናው ከወትሮው የበዛ የጥገና ወጪ ሲጠይቅ ወይም ጓደኛና ጎረቤት አዲስ ነገር ሲገዛ። በሁለቱም አጋጣሚዎች ውሳኔው በስሜት የመመራት ዝንባሌ አለው። የመጀመሪያው ምሬትን፣ ሁለተኛው ፉክክርን ይቀሰቅሳል። በተቃራኒው ደግሞ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ብሂል ይዞ ምንም ስሌት ሳያደርግ አሮጌውን የሙጥኝ የሚል አለ። ብሂሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ቀጥሎ የሚቀርበው ትንታኔም የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለመለየት የሚሞክር ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ጥቂት ያገለገለ» የሚለው አገላለጽ ከተሠራ ሦስት ዓመት ያልሞላውና በአንድ ወይም በሁለት ባለቤቶች እጅ ብቻ የቆየ መኪናን ያመለክታል።

2. ከሌላ አገር የመጣ ምክርና የኢትዮጵያ ገበያ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለ መኪና ግዢ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «አዲስ አትግዛ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያገለገለ ግዛ» የሚል ነው። የምክሩ መሠረት አዲስ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋጋው ከፍተኛውን ድርሻ የሚያጣ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ያንን ኪሳራ ይሸከማል፤ ሁለተኛው ባለቤት ደግሞ አብዛኛው ዕድሜው ገና ያልተነካ መኪና በቅናሽ ያገኛል።

ይህ ምክር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። መኪና በአገሪቱ ከውጭ ምንዛሪ እጥረትና ከታክስ ጫና የተነሣ ለረጅም ጊዜ እንደ ሀብት ማከማቻ ሲያገለግል ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸውና የሞተራቸው ጉልበት በጨመረ መጠን የሚከፈልባቸውን ታክስ ከፍ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ በአጭር ጊዜ በእጅጉ ወረደ።

የእነዚህ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ገበያውን ለሁለት ከፍሎታል። በአንድ በኩል ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪኖች ምትክ ስለማይመጣላቸው ዕድሜያቸው ቢገፋም ዋጋቸው በብር ሲለካ አይወርድም፤ አንዳንዴም ይወጣል። በሌላ በኩል አዲስ የሚገቡት በአብዛኛው ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። በዚህ ምክንያት አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ «ጥቂት ያገለገለ መኪና» ሲል በተግባር የኤሌክትሪክ መኪና ማለቱ እየሆነ መጥቷል። ስለዚህ አሮጌውን በአዲስ መተካት የዕድሜ ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የቴክኖሎጂ፣ የጥገና ባህልና የነዳጅ ምንጭ ለውጥም ነው።

3. ዕውቀት እንደ ሀብት

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ጥናት የተመሠረተው በያገለገሉ መኪኖች ገበያ ምሳሌ ላይ ነው። አሜሪካውያን ከተገዛ በኋላ ጉድለቱ የሚገለጥን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። አከርሎፍ የጠየቀው ጥያቄ ገና ከመሸጫ አዳራሽ የወጣ መኪና ከአዲሱ ጋር ይህን ያህል የዋጋ ልዩነት የሚኖረው ለምንድን ነው የሚል ነበር።

መልሱ በመረጃ አለመመጣጠን ላይ ያርፋል። ሻጩ መኪናውን ነድቶታል፤ ጠባዩን ያውቃል። ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከ«ሎሚው» መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ያቀርባል። ይህ አማካይ ዋጋ ለደህና መኪና ባለቤት ስለማይበቃው መኪናውን ከገበያ ያስቀረዋል፤ ለ«ሎሚ» ባለቤት ግን ስለሚያተርፈው ይሸጣል። በዚህ መንገድ ደህናዎቹ ይቀራሉ፤ በገበያው ውስጥ የ«ሎሚዎች» ድርሻ ይጨምራል።

ከዚህ ንድፈ ሐሳብ ለመኪና ለዋጩ ሁለት ትምህርቶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በሚሸጠው መኪና ላይ ነው። መኪናውን 10 ዓመት የያዘ ሰው ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ኩስኔታ እንደሚጮህ፣ ቺንጊያው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ በዝናብ ጊዜ የትኛው ገመድ እንደሚያስቸግር ያውቃል። ይህ ዕውቀት ለእርሱ ገንዘብ ነው፤ ምክንያቱም ብልሽትን አስቀድሞ እንዲያይና ባልታሰበ ቦታ እንዳይቆም ያደርገዋል። ነገር ግን መኪናው ሲሸጥ ይህ ዕውቀት አብሮ አይሸጥም። ገዢው የሚከፍለው የሞዴሉን አማካይ ዋጋ እንጂ የዚያን መኪና እውነተኛ ዋጋ አይደለም። እንግዲህ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ መኪና ሲሸጥ ባለቤቱ ሁልጊዜ ጥቂት ይከስራል።

ሁለተኛው ትምህርት በሚገዛው መኪና ላይ ነው። አንድ ሰው በከፍተኛ ዋጋ የገዛውን መኪና በዓመቱ ለምን ይሸጣል? የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የቴክኒክ ምርመራ መቅደም አለበት። አጥጋቢ መልሶች አሉ፤ ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ይችላል፤ ለንግዱ ወይም ለሕክምና ገንዘብ ቸግሮት ይሆናል፤ በሚኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት መኪናውን ኃይል የሚሞላበት ቦታ አጥቶ ይሆናል። እነዚህ ከመኪናው ጠባይ ውጭ የሆኑ ምክንያቶች ናቸው። ምክንያቱ ከመኪናው ጠባይ ውጭ ሲሆንና በማስረጃ ሲደገፍ ቅናሹ እውነተኛ ዕድል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ባልሆነ መጠን ግን ቅናሹ የ«ሎሚ» ምልክት የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

4. ወጪን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አለመቁጠር

የመተካት ውሳኔ ትክክለኛ ጥያቄ «እስከ ዛሬ ስንት አወጣሁበት?» ሳይሆን «በሚቀጥለው ዓመት ማቆየቱ ስንት ያስወጣል? መተካቱስ?» የሚል ነው። በሁለቱም በኩል አምስት ነገሮች ይቆጠራሉ፦ በዓመቱ ውስጥ የሚቀንሰው የመኪናው ዋጋ፣ በመኪናው ላይ የታሰረው ገንዘብ በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ሊያስገኝ የሚችለው ጥቅም፣ የጥገና ወጪ፣ የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ ወጪ እና የመድን ወጪ።

ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮችን እንመልከት። አሮጌው መኪና ዛሬ ቢሸጥ 1,200,000 ብር ያወጣል እንበል። በዓመት የሚቀንሰው 50,000 ብር፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በሌላ ሥራ 10 በመቶ ቢያስገኝ የታለፈው ጥቅም 120,000 ብር፣ ጥገና 90,000 ብር፣ ቤንዚን 150,000 ብር፣ የሦስተኛ ወገን መድን 20,000 ብር ቢሆን ዓመታዊ ወጪው 430,000 ብር ነው። ጥቂት ያገለገለው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ 3,000,000 ብር ያወጣል እንበል። በዓመት የሚቀንሰው 300,000 ብር፣ የታለፈው ጥቅም 300,000 ብር፣ ጥገና 20,000 ብር፣ ኤሌክትሪክ 30,000 ብር፣ ሙሉ መድን 75,000 ብር ቢሆን ዓመታዊ ወጪው 725,000 ብር ይሆናል።

ልዩነቱ 295,000 ብር ነው። ይህ ማለት በዚህ ምሳሌ ውስጥ አሮጌውን መኪና መተካት በወጪ ብቻ ሲመዘን ትክክል የሚሆነው የጥገናው ወጪ ከ90,000 ብር ወደ 385,000 ብር ሲያድግ ነው። ብዙ ሰው ግን አንድ ጊዜ የ100,000 ብር ጥገና ሲገጥመው «ይህ መኪና ገንዘቤን በላው» ብሎ ለመሸጥ ይነሣል። በዓይን የሚታየው የጋራዥ ደረሰኝ ነው፤ የታለፈው ጥቅምና የዋጋ ቅናሹ ደረሰኝ ስለሌላቸው አይታዩም።

ስሌቱ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። በመኪናው ሦስት እጥፍ የሚጓዝ ሰው፣ ለምሳሌ በመኪናው የትራንስፖርት አገልግሎት የሚሰጥ አሽከርካሪ፣ የአሮጌው መኪና ቤንዚን 450,000 ብር፣ ጥገናው 270,000 ብር ይሆንበታል፤ ጠቅላላው 910,000 ብር ይደርሳል። የኤሌክትሪኩ መኪና ጥገናና ኃይል በሦስት ቢባዙ ጠቅላላው 825,000 ብር ነው። የዋጋ ቅናሹ በጉዞው ብዛት እጅግ እስካልጨመረ ድረስ ለዚህ ሰው መተካቱ ያዋጣል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ልምድ ተነሥቶ «የኤሌክትሪክ ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» ማለት የጉዞውን መጠን ካልጠየቁ ትርጉም የለውም።

በዚህ ስሌት ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይሠራሉ። አንደኛው የማይመለስ ወጪን መቁጠር ነው። «ባለፈው ወር ሞተር አሠርቼበት እንዴት እሸጠዋለሁ?» የሚል ሰው መደምደሚያው ትክክል፣ ምክንያቱ ግን ስሕተት ሊሆን ይችላል። መኪናውን ለማቆየት ምክንያት የሚሆነው ገንዘቡ መውጣቱ አይደለም፤ ሞተሩ በመታደሱ የሚመጣው ዓመት የጥገና ወጪ የሚቀንስ መሆኑ ነው። ጥገናው ካልተሳካ ግን ያው ገንዘብ ቢወጣም ምክንያቱ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ስሕተት የብርን ዋጋ መውረድ እንደ ትርፍ መቁጠር ነው። በ800,000 ብር የተገዛ መኪና በ1,200,000 ብር ቢሸጥ ባለቤቱ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የሚተካው መኪና ዋጋም በእኩል ወይም በበለጠ ከፍ ብሎ ከሆነ ትርፍ የለም። ትክክለኛው መለኪያ አሮጌው መኪና የአዲሱን ስንት እጅ ይገዛል የሚለው ነው።

5. መኪና እንዴት ያረጃል?

በምሕንድስና ትምህርት የብልሽት ዕድል ከጊዜ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ጊዜ የመታጠቢያ ገንዳ ቅርጽ ባለው መስመር ይገለጻል። በመጀመሪያ የአሠራር ጉድለቶች ስለሚገለጡ ብልሽት ከፍ ይላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ በመጨረሻ ክፍሎቹ ሲያልቁ እንደገና ይጨምራል። በዚህ አመለካከት ጥቂት ያገለገለ መኪና የመጀመሪያውን አደገኛ ጊዜ ያለፈና የመጨረሻው ገና የራቀበት በመሆኑ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል።

ይህ ሥዕል ለአንድ ክፍል እንጂ ለጠቅላላው መኪና በቀጥታ አይሠራም። መኪና የሚጠገን ሥርዓት ነው። የፍሬን ፓስቲኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩስኔታ፣ የውሃ ፓምፕና ቺንጊያ በየጊዜያቸው ሲለወጡ የእያንዳንዳቸው ዕድሜ ከዜሮ ይጀምራል። በመሆኑም በየጊዜው የሚጠገን መኪና ውስጥ አዲስና አሮጌ ክፍሎች አብረው ይኖራሉ፤ የብልሽቱም ድግግሞሽ ያለማቋረጥ ከማደግ ይልቅ በአንድ መጠን አካባቢ ይረጋጋል። አሮጌ መኪና «አያልቅም» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ የማይታደሱ ነገሮች አሉ። የላሜራው ዝገት፣ የሻንሲው ድካም፣ የኤሌክትሪክ ገመዶች ሽፋን መሰነጣጠቅ በተለመደ ጥገና አይመለሱም። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ትክክለኛ ዕድሜ የሚለካው በሞተሩ ሳይሆን በአካሉ ነው። ሞተሩ ደካማ፣ አካሉ ጤነኛ የሆነ መኪና ሊታደስ ይችላል፤ ሞተሩ ብርቱ፣ ወለሉና የጎን ምሰሶዎቹ የዛጉ መኪና ግን ቀኑ የቀረበ ነው።

6. አስተማማኝነት ደኅንነት አይደለም

እስካሁን የቀረበው ክርክር በአብዛኛው ለአሮጌው መኪና ያደላል። ሚዛኑን የሚለውጠው ጉዳይ ደኅንነት ነው። «መኪናዬ አንድም ቀን አላስቸገረኝም» የሚለው ንግግር ስለ አስተማማኝነት ይናገራል እንጂ መኪናው በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ስለ መጠበቁ ምንም አይናገርም።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2017 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የአዳዲስ መኪኖች ምዘና ፕሮግራም ያካሄደው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ እና እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ለፊት ከጎን በኩል እንዲጋጩ ተደረገ። የአዲሱ መኪና የተሳፋሪ ክፍል ቅርጹን ጠብቆ ከ16 ነጥብ 12.93 አገኘ። የአሮጌው መኪና አካል ክፉኛ ተጨማድዶ ያገኘው ነጥብ 0.40 ብቻ ነበር፤ በአሽከርካሪው ቦታ የተቀመጠው አሻንጉሊት በራሱ፣ በደረቱና በእግሮቹ ላይ ለከባድ ጉዳት የተጋለጠ መሆኑ ተመዝግቧል። ሁለቱ መኪኖች አንድ ስም፣ አንድ አምራችና ተመሳሳይ የአስተማማኝነት ዝና ነበራቸው። የለያቸው በመካከላቸው ያለፉት 17 የምሕንድስና ዓመታት ናቸው።

ይህ ውጤት ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ የራቀ ነገር አይደለም። በከተማ ውስጥ በትራፊክ መጨናነቅ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ያው መኪና ለበዓልና ለለቅሶ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። በዚያ መንገድ 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደ ዝግታ የሚቆጠር ነው። ኤርባግና ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት የሌለው መኪና፣ የቱንም ያህል ሞተሩ ቢታመን፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ በጋራዥ ደረሰኝ አይጻፍም።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን «አዲስ የሆነ ሁሉ ደኅና ነው» የሚል መሆን የለበትም። አንድ ሞዴል በአውሮፓ ምዘና አምስት ኮከብ ማግኘቱ ለሌላ ገበያ የተሠራው ተመሳሳይ ስም ያለው መኪና ተመሳሳይ የኤርባግ ብዛትና የአካል ጥንካሬ እንዳለው ማረጋገጫ አይደለም። በግጭት ተጎድቶ የተጠገነ ጥቂት ያገለገለ መኪናም ኤርባጉ ተመልሶ ላይገጠምለት ይችላል። ደኅንነት በዓመተ ምርት ብቻ ሳይሆን በዚያው በሚገዛው መኪና ላይ መረጋገጥ አለበት።

7. ያልታወቀውን ወደ ታወቀ መለወጥ

የገዢው ዋና ችግር የዕውቀት እጥረት ከሆነ፣ ከግዢ በፊት ለምርመራ የሚወጣ ገንዘብ ወጪ ሳይሆን የዕውቀት መግዣ ነው። በ3,000,000 ብር መኪና ላይ ለገለልተኛ ባለሙያ ጥቂት ሺህ ብር መክፈል የሚያሳስበው ሰው ቅድሚያውን አዛብቷል። ምርመራው በሦስት ዘርፎች ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የሕግና የሰነድ ምርመራ ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት። መኪናው በባንክ ዕዳ መያዙና አለመያዙ፣ እንዲሁም ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆንና አለመሆኑ መጣራት ይገባዋል፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክስ የሚጠየቅበት በመሆኑ «ርካሽ» የመሰለው ዋጋ ሊባዛ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይደነግጋል። ይህን መብት ለመጠቀም ግን በውሉ ላይ ስለ መኪናው ሁኔታ የተባለው ነገር በዝርዝር መጻፍ አለበት። በደላላ ፊት በቃል የተነገረ ነገር ለክርክር ደካማ መሠረት ነው።

ሁለተኛው የአካል ምርመራ ነው። የቀለም ውፍረት በመሣሪያ ሲለካ ከሌላው ክፍል የተለየ ውፍረት ያለው በር ወይም ኮፈን ቀለም የተቀባበት፣ ምናልባትም ግጭት የደረሰበት መሆኑን ያመለክታል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ከመሪው፣ ከመቀመጫውና ከፍሬን መርገጫው መበላት ጋር ይስማማል ወይ የሚለውም መታየት አለበት። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሚገኝ መኪናው ወደ ላይ ተነሥቶ የታችኛው ሽፋን መጋጨቱና አለመጋጨቱ ሊመረመር ይገባል።

ሦስተኛው ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የሚደረግ ምርመራ ነው። ባትሪው የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ጤንነቱም ከመጀመሪያው አቅሙ በመቶኛ ተሰልቶ በምርመራ መሣሪያ ሊነበብ ይችላል። ብዙ አምራቾች ለባትሪው የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ዋስትናው ብዙ ጊዜ መኪናው ለተሸጠበት አገር የተሰጠ በመሆኑ በነጋዴ በኩል ለብቻው የገባ መኪና ላይ ላይጸና ይችላል። የኃይል መሙያ መሰኪያው ዓይነት፣ የመኪናው ስክሪን ቋንቋና ሶፍትዌሩን ማደስ የሚችል ባለሙያ በአገር ውስጥ መኖሩም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች መሰኪያ ከአውሮፓው ይለያል።

የኃይል አሞላል ጉዳይ በቀላል ስሌት ሊመለስ ይችላል። አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅና ባለቤቱ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ የሚያስፈልገው 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ220 ቮልትና በ10 አምፒር የሚሠራ የተለመደ የቤት ሶኬት 2.2 ኪሎዋት ስለሚሰጥ ይህን ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሞላል። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ግን በዚያው ሶኬት አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ በግቢው መኪና ለሚያቆም የከተማ ነዋሪ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ በጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖር ወይም ዘወትር ረጅም ጉዞ ለሚሄድ ሰው ግን ወሳኝ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የአዲስ አበባ ከፍታ መታሰብ አለበት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ ጉዳት አይደርስበትም፤ ከእንጦጦ ሲወርድም ከፍሬኑ የሚባክነውን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ትንታኔ የሚከተለው የውሳኔ ቅደም ተከተል ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያ የአሮጌው መኪና አካልና ደኅንነት ይመዘናል። አካሉ የዛገ ወይም ኤርባግ የሌለው ሆኖ ቤተሰብ ጭኖ ዘወትር ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ የመተካቱ ጥያቄ የወጪ ጥያቄ መሆኑ ያበቃል፤ የሚቀረው መቼና በምን የሚለው ነው። ለዚህም የግድ እጅግ አዲስ መኪና አያስፈልግም፤ ኤርባግና ጤነኛ አካል ያለው ጥቂት ዓመታት የሚያንስ የቤንዚን መኪናም አንድ አማራጭ ነው። በሁለተኛ ደረጃ አካሉ ጤነኛ ሆኖ በከተማ ውስጥ በዝግታ የሚነዳ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ከተተኪው ዓመታዊ ወጪ ጋር ይነጻጸራል። በዚህ ንጽጽር ጥቂት ለሚጓዝ ሰው አሮጌው መኪና ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ብዙ ለሚጓዝ ሰው ውጤቱ ይገለበጣል። በሦስተኛ ደረጃ መተካቱ ከተወሰነ ከዋጋ ድርድር በፊት የሽያጩ ምክንያት፣ ሰነዱ፣ አካሉና ባትሪው ይመረመራሉ።

በመግቢያው የተጠቀሰው ብሂል ግማሽ እውነትም በዚህ ይለያል። የሚያውቁት ይሻላል የሚለው ትክክል የሚሆነው ባለቤቱ መኪናውን በእርግጥ የሚያውቀው ሲሆን ነው። አብዛኛው ባለቤት የመኪናውን የሞተር ድምፅ ያውቃል፤ በግጭት ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም። ዕውቀቱ የቆመበትን ድንበር የለየ ባለቤት መኪናውን ቢያቆየውም ቢለውጠውም ውሳኔው በበቂ ምክንያት ላይ የቆመ ይሆናል።